የልደት ክብደትና የልጆች ዓይን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አራስ ሊጠይቅ የመጣ ሰው መጀመሪያ "ወንድ ነው ሴት?" ይላል። ቀጥሎ "ስንት ኪሎ?" ይመጣል። ኪሎው ትንሽ ከሆነ ቤቱ ውስጥ ጭንቀት ይገባል። ይጠባል? ያድጋል? ውሎ አድሮ ደግሞ ወላጅ ስለ ዓይኑ መጠየቅ ይጀምራል። እዚህ የተሰበሰቡት ብዙ ጊዜ የሚነሱት ጥያቄዎች ናቸው። ወደ እነሱ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ አደራ፦ የልጃችሁን ኪሎ የምታስታውሱትን ያህል በስንተኛው ሳምንት እንደተወለደም ያዙ። ለዓይን ጉዳይ ሳምንቱ ከኪሎው የበለጠ ይናገራል።

ትንሽ ሆኖ የተወለደ ልጅ ዓይኑም ትንሽ ይሆናል?

በአማካይ፣ አዎ። ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ ሕጻን ዓይን ከፊት እስከ ኋላ ሲለካ ወደ 17 ሚሊሜትር ነው። አዋቂ ሲሆን 23 ወይም 24 ሚሊሜትር ይደርሳል። ሰውነቱ አነስ ያለ ሕጻን ዓይኑም አነስ ብሎ ይጀምራል። የሚገርመው ልዩነቱ ቶሎ አለመጥፋቱ ነው።

በ2004 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የታተመ የሲንጋፖር ጥናት ከ1,400 በላይ የቻይና ዝርያ ያላቸውን ከ7 እስከ 9 ዓመት የሆኑ ልጆች ዓይን ለክቷል። 4 ኪሎና ከዚያ በላይ ሆነው የተወለዱት ዓይን ከ2.5 ኪሎ በታች ከተወለዱት ዓይን በግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ይረዝም ነበር። ሲድኒ ውስጥ የ6 ዓመት ልጆች ላይ የተሠራው ጥናትም ወደዚሁ ያመለክታል። ጀርመን ውስጥ ማይንዝ ከተማ ደግሞ ተመራማሪዎች አዋቂዎችን አይተዋል። ኪሎአቸው ዝቅ ብሎ የተወለዱት ሰዎች ካደጉ በኋላም ዓይናቸው አጠር፣ የዓይናቸው የፊት መስታወት ደግሞ ጎበጥ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ የፊት መስታወት ሐኪሞች ኮርኒያ የሚሉት ነው።

ታዲያ ዓይኑ ካነሰ በደንብ አያይም ማለት ነው?

አይደለም። የነገሩ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር እናድርገው።

ዓይን ጥርት አድርጎ እንዲያይ ብርሃኑ ሬቲና ላይ በትክክል ማረፍ አለበት። ሬቲና ከዓይን በስተኋላ ያለው፣ ምስል የሚቀበለው ስስ ሽፋን ነው። ዓይን ከሚገባው በላይ ከረዘመ ብርሃኑ ከሬቲናው ፊት ያርፍና የሩቁ ይደበዝዛል። ካጠረ ደግሞ ከሬቲናው ኋላ ይሄዳል፤ በተለይ የቅርቡን ማየት ያደክማል። የአንድ ሚሊሜትር ስህተት በመነጽር ቁጥር ሲሰላ ከ2.5 እስከ 3 ዳዮፕተር ገደማ ነው። ስለዚህ ያ የግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት ብቻውን ቢሆን ኖሮ ልጆቹን መነጽር ባስደረጋቸው ነበር።

ግን አላስደረጋቸውም። የሲንጋፖሩ ጥናት የልጆቹን የመነጽር ቁጥር ሲያወዳድር በልደት ክብደት ምክንያት የመጣ ልዩነት አላገኘም። ምክንያቱ የዓይን ክፍሎች ተመካክረው ማደጋቸው ነው። አጭር ዓይን ያለው ልጅ ኮርኒያው ጎበጥ ይላል፤ ብርሃኑን ጠንከር አድርጎ ያጎብጥና እዚያው አጭሩ ቦታ ላይ ያሳርፈዋል። ረዥም ዓይን ያለው ልጅ ኮርኒያው ዘርጋ ይላል። ጎበዝ ልብስ ሰፊ ቁመቱን ሲያሳጥር ወርዱንም አብሮ ያስተካክል የለ? እንደዚያ ነው።

ሕጻናት ሲወለዱ አብዛኞቹ ዓይናቸው ትንሽ አጠር ያለ ነው፤ በአማካይ ወደ 2 ዳዮፕተር የሚሆን "ፕላስ"፣ ማለትም የአጭር ዓይን የመነጽር ቁጥር፣ ይዘው ይመጣሉ። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ዓይኑ እያየ ራሱን ያርማል። ማስተካከያውን የሚመራው ራሱ የሚያየው ምስል ነው። ለዚህ ነው በሕጻንነት ዓይንን የሚጋርድ ነገር፣ ለምሳሌ የዓይን ሞራ፣ ቶሎ መነሳት ያለበት።

"ዝቅተኛ የልደት ክብደት" የሚባለው ከስንት ኪሎ በታች ነው?

በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ከ2.5 ኪሎ በታች። ከ1.5 ኪሎ በታች ከሆነ "በጣም ዝቅተኛ" ይባላል። ከ1 ኪሎ በታች ደግሞ ከዚያም የባሰ ተብሎ ለብቻው ይመደባል።

ኪሎው ዝቅ ማለትና ያለ ጊዜው መወለድ አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ ብዙ ሰው ግን ያምታታቸዋል። ሁለት ሕጻናት እኩል 2 ኪሎ ሆነው ተወለዱ እንበል። አንዱ በ33ኛው ሳምንት የመጣ ነው። ለሳምንቱ ኪሎው ደህና ነው፤ የመጣው ግን ቀኑ ሳይደርስ ነው። ሌላው በ39ኛው ሳምንት ተወልዷል። ይኸኛው ጊዜውን ጨርሷል፤ ማሕፀን ውስጥ ሳለ ግን በደንብ አላደገም። ምናልባት የእንግዴ ልጁ ምግብ በበቂ አላደረሰለት ይሆናል፣ ምናልባት እናትየው የደም ግፊት ነበረባት። ሚዛን ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። የዓይን ሐኪም ግን ይበልጥ የሚያሳስበው የመጀመሪያው ነው፤ ሬቲናው ሳያልቅ ነው የወጣው።

ችግሩ እኛ ዘንድ ሳምንቱ ቀርቶ ኪሎውም ብዙ ጊዜ አይታወቅም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከጥናቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከተወለዱት ልጆች የልደት ኪሎአቸው የታወቀው 14 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለቀሩት ያለው እናቶች "ትልቅ ነበር ወይስ ትንሽ?" ተብለው የሰጡት ግምት ነው። ሳምንቱን በትክክል ለማወቅ በእርግዝናው መጀመሪያ ወራት የሚነሳ አልትራሳውንድን የሚያህል የለም። መጨረሻ አካባቢ የሚነሳው በቀናት ሳይሆን በሳምንታት ሊሳሳት ይችላል።

ያለ ጊዜው የተወለደ ሕጻን ዓይኑ ምን ይሆናል?

የሬቲና የደም ሥሮች ማደግ የሚጀምሩት በ16ኛው የእርግዝና ሳምንት አካባቢ ነው። ከዓይን ነርቭ ተነስተው ቀስ እያሉ ወደ ዳር ይዘረጋሉ። በአፍንጫ በኩል ያለውን ዳር በ36ኛው ሳምንት ገደማ፣ በጆሮ በኩል ያለውን ደግሞ ወደ 40ኛው ሳምንት ይደርሱበታል። ሕጻኑ በ28 ሳምንት ከተወለደ መንገዱን ሳይጨርስ ወጣ ማለት ነው። ውጭ ያለው አየር፣ ይልቁንም የሚሰጠው ኦክስጂን፣ ማሕፀን ውስጥ ከለመደው በጣም ይበልጣል። የደም ሥሮቹ እድገታቸውን ያቆማሉ። ሳምንታት አልፈው የሬቲናው ዳር ሲራብ ደግሞ ዓይን "ደም ሥር አምጡ" የሚል መልእክት ይለቃል። የሚመጡት አዲሶቹ ግን ያልተገሩ፣ በቀላሉ የሚደሙ ናቸው። ጠባሳ ሠርተው ሬቲናውን ከቦታው ሊነቅሉት ይችላሉ። ይህ "ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕጻናት የሬቲና ሕመም" ነው፤ ሐኪሞች አር.ኦ.ፒ. ይሉታል። አብዛኞቹ ሕጻናት ቀላሉ ዓይነት ይዟቸው በራሱ ይለቃቸዋል። የከፋው ግን ሳይታከም ከቀረ ዕድሜ ልክ ያሳውራል።

ታሪኩ አሳዛኝም አስተማሪም ነው። በ1942 ቦስተን ውስጥ ቴዎዶር ቴሪ የተባለ የዓይን ሐኪም ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕጻናት ዓይን ውስጥ፣ ከሌንሱ (ከብሌኑ በስተኋላ ካለው፣ ብርሃን ከሚሰበስበው ክፍል) ኋላ፣ ነጭ ሽፋን አየ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በዓለም ወደ 10,000 የሚሆኑ ሕጻናት በዚህ ሕመም እንደታወሩ ይገመታል። ብዙዎቹ ጥሩ መሣሪያ ባላቸው ሆስፒታሎች የተወለዱ ነበሩ። በ1951 ሜልበርን ውስጥ ኬት ካምቤል የተባለች የሕጻናት ሐኪም ጣቷን ኦክስጂኑ ላይ ቀሰረች። ሕጻናቱን ለማዳን ያለ ልክ የሚለቀቀው ኦክስጂን ዓይናቸውን እየወሰደ ነበር። ሙዚቀኛው ስቲቪ ዋንደር በ1950 ቀኑ ስድስት ሳምንት ሲቀረው ተወልዶ፣ ማሞቂያ ውስጥ ገብቶ፣ በዚሁ ሕመም ነው የታወረው።

እንዲህ ከሆነ ኦክስጂን ይቅርበት?

በፍጹም! ኦክስጂኑን የሚያዘው ሐኪም ነው፤ ሕጻኑ ያለ እሱ ሊሞት ይችላል። በ1950ዎቹ ከጥናቶቹ በኋላ ብዙ ቦታ ኦክስጂን እጅግ ተቆጥቦ ነበር። ዓይነ ስውርነቱ ቀነሰ፣ ሞቱ ግን ጨመረ። ዛሬ የሚደረገው በልክ መስጠት ነው። እግሩ ወይም እጁ ላይ በሚታሰረው መለኪያ የደሙ ኦክስጂን ከ90 እስከ 95 በመቶ አካባቢ እንዲቆይ ይጠበቃል። ወላጅ ሊጠይቅ የሚችለው ተገቢ ጥያቄ "መለኪያው አለ ወይ? ቁጥሩስ ስንት ላይ ነው?" የሚል ነው። ሲጠየቅ የሚቆጣ ባለሙያ ቢኖርም ጠይቁ።

የሬቲና ምርመራው ለማን ነው? መቼስ?

አገሩ ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ 1,500 ግራም እና ከዚያ በታች፣ ወይም በ30ኛው ሳምንትና ከዚያ በፊት የተወለዱ ሁሉ ይታያሉ። ከዚያ ከፍ ያሉትም ሕመም ከጸናባቸው ሐኪሙ ሊያዝላቸው ይችላል። ሕንድ ግን መስመሩን አስፍታ ከ2,000 ግራም ወይም ከ34 ሳምንት በታች የሆኑትን ታያለች። ለምን? የኦክስጂን ቁጥጥር በላላበት ቦታ ትልልቆቹም ሕጻናት ስለሚያዙ ነው። ለእኔ ለኢትዮጵያ ወላጅ የሚበጀው የሕንዱ ጥንቃቄ ይመስለኛል። ልጃችሁ ማሞቂያ ክፍል ገብቶ ኦክስጂን ከወሰደ፣ 1.8 ኪሎ ቢሆንም፣ "ዓይኑ አይታይም ወይ?" በሉ።

ጊዜው ከተወለደ ከአራት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። በጣም ቀድሞ ለመጣ ሕጻን ሐኪሙ ትንሽ ሊያዘገየው ይችላል። ችግሩ ይህ ቀጠሮ ብዙ ጊዜ የሚውለው ሕጻኑ ተሽሎት ቤት ከገባ በኋላ መሆኑ ነው። ክርስትናው ደርሷል፣ እናት ደክማለች፣ ልጁም መወፈር ጀምሯል፤ "ደህና ነው እኮ" ተብሎ ይቀራል። ሕመሙ ከውጭ አይታይም። ዓይኑ አይቀላም፣ አያለቅስም። ሲታይ ጊዜው አልፏል።

ምርመራው ራሱ አጭር ነው። ብሌኑን የሚከፍት ጠብታ ይደረግና ሐኪሙ በመብራት ወይም በካሜራ ያያል። ሕጻኑ ያለቅሳል፤ ለእናት ማየቱ ከባድ ነው፤ ግን ወዲያው ያልፍለታል። ሕክምና የሚያስፈልገው ከተገኘ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ መጀመር አለበት። ሌዘር አለ፣ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌም አለ። መርፌ የወሰደ ልጅ ሕመሙ ዘግይቶ ሊመለስበት ስለሚችል ክትትሉ ይረዝማል።

የት እንሂድ ለሚሉ፦ አዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ እንዲሁም የጎንደርና የጅማ ዩኒቨርሲቲዎች የዓይን ሕክምና ክፍሎች አሏቸው። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕጻናት ሬቲና የሚታይበትን ቀን ጠይቁ።

ልጄ በ32 ሳምንት ተወለደች። ሬቲናዋ ደህና ነው ተብሏል። አበቃ?

ትልቁ ሥጋት አልፏል። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች ግን ሬቲናቸው ደህና ቢሆንም ለሸውራራነት፣ ለመነጽርና አንዱ ዓይን ሰንፎ ለመቅረት ከሌሎች ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። አንዳንዴ ዓይኑ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ጉዳቱ አንጎል ውስጥ፣ ምስሉን በሚተረጉመው ክፍል ላይ ይሆናል። እንዲህ ያለ ልጅ መሬት ላይ የተበተኑ መጫወቻዎች መካከል የሚፈልገውን መለየት ይቸግረዋል፣ ደረጃ ላይ ይደናቀፋል። "ቸልተኛ ነው" እየተባለ ይቀጣል። ያሳዝናል።

የእነዚህ ልጆች ሩቅ ማየት አለመቻልም ዓይነቱ የተለየ ነው። የተማሪ ልጅ ዓይን የሚደበዝዘው ስለሚረዝም ነው። ቀድሞ የተወለደ ልጅ ግን ዓይኑ አጭር ሆኖ እንኳ ኮርኒያው በጣም ስለጎበጠና ሌንሱ ስለወፈረ ሊደበዝዝበት ይችላል። በአንድ ዓመቷ አካባቢ አንዴ፣ ትምህርት ቤት ሳትገባ ደግሞ አንዴ አሳዩዋት። የሰነፈ ዓይን ከ7 ዓመት በፊት ሲታከም በጣም ይሻላል።

ቤት ውስጥ ምን ልከታተል?

አዲስ የተወለደ ሕጻን የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ያለውን ነው። ጡት ሲጠባ ከእናቱ ፊት ያለው ርቀት ማለት ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ፊት አይቶ ይስቃል። በሦስት ወሩ የሚንቀሳቀስ ነገር በዓይኑ መከተል አለበት። ቀድሞ ለተወለደ ልጅ ይህን የምትቆጥሩት መወለድ ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። ሁለት ወር ቀድሞ የመጣ ሕጻን በአራት ወሩ የሚጠበቅበት የሁለት ወር ልጅ ሥራ ነው።

ቀጠሮ ሳይጠበቅ የሚኬድባቸው አሉ። ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ከታየ፣ ወይም ፍላሽ ባለው ፎቶ ላይ አንዱ ዓይን ቀይ ሆኖ ሌላው ነጭ ከወጣ፣ በዚያው ሳምንት ሐኪም ያየው። የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል፤ ከሬቲና የሚነሳ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ከአራት ወር በኋላ የሚታይ ሸውራራነትና የማያቋርጥ የዓይን መወዛወዝም እንዲሁ ችላ አይባሉም። "ሲያድግ ይስተካከላል" የምትለውን ጎረቤት አመስግናችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

ልጄ ዓይኗ ትልልቅ ነው፤ ሰው ሁሉ ያደንቃታል። የሚያሳስብ አይደለም አይደል?

ብዙውን ጊዜ ቁንጅና ብቻ ነው። ግን ሕጻኗ ብርሃን ስታይ ዓይኗን የምትጨፍን ከሆነ፣ ያለ ልቅሶ እንባ ከፈሰሳት፣ ጥቁሩ ክፍል ጭጋግ የለበሰ ከመሰለ ወይም አንዱ ዓይን ከሌላው ከገዘፈ፣ የሕጻናት ግላኮማ ሊሆን ይችላል። የሕጻን ዓይን ለስላሳ ስለሆነ ውስጡ ግፊት ሲጨምር ይለጠጣል። አንድ ዓመት ያልሞላው ልጅ ኮርኒያ ወርዱ ከ12 ሚሊሜትር ካለፈ ሐኪም ይጠረጥራል። ሕክምናው ባብዛኛው ቀዶ ሕክምና ነው፣ መዘግየት የለበትም።

4 ኪሎ ሆኖ የተወለደ ልጅ ዓይኑ ስለሚረዝም ወደፊት መነጽር ያስፈልገዋል?

ኪሎው አይደለም የሚወስነው። ከወላጅ የሚወረሰውና ልጁ ቀኑን የት እንደሚያሳልፍ ይበልጣል። አንድ የማልረሳው ንጽጽር አለ። በ2008 የወጣ ጥናት ሲንጋፖርና ሲድኒ የሚኖሩ፣ ሁሉም የቻይና ዝርያ ያላቸው የ6 እና 7 ዓመት ልጆችን አወዳደረ። ሩቅ ማየት የሚቸግራቸው ሲንጋፖር 29 በመቶ ነበሩ፣ ሲድኒ 3 በመቶ ብቻ። የሲድኒዎቹ ልጆች በሳምንት ወደ 14 ሰዓት ውጭ ይውላሉ፣ የሲንጋፖሮቹ 3 ሰዓት። ቀጥሎ ቻይና ውስጥ ጓንዦ ከተማ በተሠራ ሙከራ ትምህርት ቤቶች በቀን 40 ደቂቃ የውጭ ጊዜ ጨመሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ አዲስ የተያዙት 30 በመቶ ሆኑ፤ ካልተጨመረላቸው ልጆች ግን 40 በመቶ ያህሉ ተይዘዋል።

የቀን ብርሃን የዓይንን መርዘም ያዘገያል። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስልክ ይዞ የሚያድግ ልጅም ሆነ አሜሪካ ሚኒያፖሊስ የበረዶውን ወራት ቤት ውስጥ የሚያሳልፍ ልጅ ውጭ ይውጣ። ኳስ ይሁን፣ ሩጫ ይሁን፣ ግድ የለም።

በእርግዝና ጊዜ ምን ላድርግ?

ክትትል ቶሎ ጀምሩ። የደም ግፊት መለካት፣ ብረትና ፎሊክ አሲድ መውሰድ፣ የደም ማነስንና ስኳርን መታየት። አልኮል ይቅር፤ ጠላና ጠጅም አልኮል ናቸው፣ የጽንሱን እድገትም የዓይን ነርቩንም ይጎዳሉ። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ እስክትወልዱ ይቆዩ። ምክንያቱ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተውሳክ ነው፤ ወደ ጽንሱ ካለፈ ሬቲናው ላይ ጠባሳ ይተዋል። ኩፍኝ የሚመስለው ሩቤላም በመጀመሪያዎቹ ወራት ከያዘ ሕጻኑ በዓይን ሞራና በትንሽ ኪሎ ሊወለድ ይችላል። ክትባቱ የሚወሰደው ግን ከማርገዝ በፊት ነው።

ኩል ወይም ቅቤ ዓይኑ ላይ ብናደርግለትስ?

አይሆንም። አንዳንድ ኩል እርሳስ አለበት፤ ቅቤውም ጀርም ሊያስገባ ይችላል። እንደተወለደ ጤና ተቋም የሚቀባው የቴትራሳይክሊን ቅባት በቂ ነው።

ዓይን ሐኪም ጋ ስንሄድ ምን እንያዝ?

ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠውን ወረቀትና የክትባት ካርዱን። ወረቀቱ ላይ ከሌለ እነዚህን ራሳችሁ ጻፉ፦ ስንት ኪሎ ነበር፣ በስንት ሳምንት ተወለደ፣ ማሞቂያ ክፍል ስንት ቀን ቆየ፣ ኦክስጂን ስንት ቀን ወሰደ፣ ደም ተሰጥቶት ነበር ወይ፣ መንታ ነው ወይ፣ ከቤተሰቡ በልጅነቱ መነጽር ያደረገ ወይም ሸውራራ የነበረ አለ ወይ። ስልካችሁ ውስጥ ያሉ የልጁን ፎቶዎችም አትሰርዙ፤ ሐኪሙ ሊያያቸው ይፈልጋል። በቀጠሮው ቀን ልጁ ጠብቶና ተኝቶ ቢመጣ ምርመራው ይቀላል።